ሊማሊሞን በብስክሌት? መጀመሪያ ወደ ጎርጎራ ውረዱ

ጥያቄው ይህ ነው። አራት ጓደኛሞች ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ይመጣሉ፤ አምስት ቀን አላቸው። የያዙት ባለ 26 ጎማ፣ ባለ 21 ማርሽ የቻይና ብስክሌት ነው። ሦስቱ ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ ይወጣሉ፤ አራተኛዋ ግን በአንድ ቀን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ አታውቅም። «ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን፣ በቆላው ዞረን ጎንደር መግባት ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ተራራም፣ ጫካም፣ ወንዝም የምናይበት ሌላ መንገድ ጠቁሙን። ድንኳን አለን» ይላሉ።

በቆላው ዞሮ መመለስ የሚባለውን ተዉት። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ ከዚያ ተከዜ ነው። ወደ ጎንደር ልመለስ ካለ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የወረደውን ገደል ያንኑ መልሶ መውጣት አለበት። በሁመራ በኩል ልዙር ካለ ደግሞ በጠራራ ቆላ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል። ለአምስት ቀን የሚሆን ዙር በዚያ በኩል የለም። የምመክራችሁ መጀመሪያ በደንቢያ ወረዳ በኩል ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እንድትወርዱ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ኮሶዬ እንድትወጡ ነው። ጎንደር ብስክሌት ስጠግንና እንግዳ ይዤ ስወጣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚጠይቀኝ አላጣም። ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም፤ ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ስለ ጸጥታው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ «መንገዱ ሰላም ከሆነ» የሚል ቃል በየዓረፍተ ነገሩ እንዳለበት አድርጋችሁ አንብቡት። ሰላም መሆኑን የሚያውቁት የሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ማታና በዕለቱ ማለዳ መናኸሪያ ሂዱና «ወደ ደንቢያ መኪና እየገባ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሾፌር አይበቃም፤ ሦስት ጠይቁ። አንዱ እንኳ ካመነታ አትውጡ። መኪና በማይገባበት ቀን ብስክሌት የሚገባበት ምክንያት የለም። መታወቂያችሁ በእጃችሁ ይሁን፤ ኬላ ላይ ወርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ቅረቡ፤ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሡ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። አምስቱ ቀን በዚህ ምክንያት ቢበላሽባችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት፤ ጣና የትም አይሄድም።

አሁን ወደ መሬቱ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ሸንተረር ላይ ነው የተቀመጠችው። ውኃው ሁሉ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከመገጭ ጋር ሆኖ ጣና ይገባል። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚሄድ ብስክሌተኛ ከወንዙ ጋር ነው የሚሄደው፤ 60 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚወርደው 300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለስላሳ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ግን ከወንዙ ተጣልቶ ይወጣል። ወለቃን ያልፋል፣ የወገራን ደጋ ይይዛል፣ ኮሶዬ ላይ 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ምድሪቱ በስለት እንደተቆረጠች ሁሉ ታልቃለች፣ ቆላው ከእግር ሥር ይታያል። ሁለቱም የጎንደር ገጠር ናቸው፤ ለእግር ግን የተለያየ አገር ናቸው።

ኪሎ ሜትር መቁጠር ትታችሁ ዳገት ቁጠሩ። ጓዝ የጫነ፣ ብዙ ያልለመደ ሰው በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ ከወጣ ጎበዝ ነው፤ የለመደው 400 ይወጣል። ከጎንደር ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስፋልት ሜዳ ሁለት ሰዓት የማይፈጅ መንገድ፣ እዚህ የከፍታው ልዩነት ብቻ 700 ሜትር ነው፤ በመሃል እየወረዳችሁ መልሳችሁ የምትወጡት አለ። ዕረፍቱን ሳትቆጥሩ ሦስት ሰዓት፣ ለጀማሪዋ አራት ሰዓት በሉት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ በአንድ ቀን ለመግባት አስባችሁ ከሆነ፣ ሦስታችሁ ምናልባት መሽቶባችሁ ትገባላችሁ። አራተኛዋ ከአምባ ጊዮርጊስ አታልፍም። ደግሞም እንደዚያ አድርጎ የገባ ሰው በማግስቱ ተራራ አይቶ አይደሰትም፤ የሚያየው ጉልበቱን ነው።

ስለ ብስክሌታችሁ እንነጋገር፤ ከመንገዱ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። የቻይና ባለ 21 ማርሽ መጥፎ አይደለም። የማየው ችግር አንድ ነው፦ ከፊት ካሉት ሦስቱ ማርሾች ትንሿ አትገባም። ከተማ ውስጥ ማንም አይፈልጋትም፤ ሽቦዋ ይላላል፣ ትዝግና ትቀራለች፣ ባለቤቱም መኖሯን ይረሳል። ዳገት ላይ ግን ሕይወታችሁ እሷ ናት። ሒሳቡን ልንገራችሁ። ከፊት ትንሿ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ከሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ የ26 ጎማ አንድ ዙር ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየወጣችሁ ነው እንበል፤ በደቂቃ 100 ሜትር ማለት ነው፣ እግራችሁ በደቂቃ 49 ጊዜ ይዞራል። ይሄ የሚቻል ነው። ትንሿ አልገባ ብላ በመካከለኛዋ፣ በ38 ጥርሷ ብትወጡስ? በዚያው ፍጥነት እግር በደቂቃ 36 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱን ዙር ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ትረግጡታላችሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳንባ ሳይሆን ጉልበት ነው የሚያቆማችሁ። እንጦጦን ቆማችሁ እየረገጣችሁ ትወጡት ይሆናል፤ 15 ኪሎ ጭናችሁ ለሦስት ሰዓት ቆሞ መርገጥ የለም።

እና ከመምጣታችሁ በፊት አራቱንም ብስክሌት ገልብጡና ትንሿን ማርሽ አስገቡ። ካልገባች አሠሩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ጎማን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ፤ የ26 የውስጥ ጎማ ጎንደር ገበያም፣ ትንንሽ ከተሞችም ይገኛል። የ29 ቢሆን ኖሮ አራት መለዋወጫ ይዛችሁ ኑ እላችሁ ነበር። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙ መሆኑን እዩ፤ ወፍራሙ ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል፣ ቀጭኑ ከሆነ አስማሚዋን ብረት ያዙ። ማስቲሽና ልጣፍ፣ ፓምፕ፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ አንድ የፍሬን ሽቦ፣ አንድ የማርሽ ሽቦ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ጎማ። ካቴናውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ኮረኮንች ላይ አቧራውን ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጥርሱን ይበላዋል። ጭነቱን ጀርባችሁ ላይ ሳይሆን ከኋላው መጫኛ ግራና ቀኝ እኩል አስቀምጡት፤ ቁልቁለት ላይ የጀርባ ሻንጣ ሰውን ወደፊት ይገፋል።

እንግዲህ የእኔ አምስት ቀን ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጎርጎራ። ከጎንደር ማለዳ 12 ሰዓት ተነሡ፤ አዘዞ ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ነገር ግን ከባድ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ማለዳው ይሻላል። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ስትታጠፉ ደንቢያ ይከፈታል። ጥቅምት ላይ ያየው ሰው ያውቀዋል፦ ጤፉ እየቀላ፣ ኑጉ ቢጫ ሆኖ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ። ዳገት የለም፣ ጀማሪዋ ፊት ሆና መምራት ትችላለች። እንዲያውም እሷ ትምራ፤ ሦስቱ ከኋላ በእሷ ፍጥነት ይሂዱ። አራት ሰው ሲነዳ ደካማው ከኋላ ከሆነ፣ ፊተኞቹ ቆመው እየጠበቁ ያርፋሉ፤ እሱ ሲደርስባቸው ይነሳሉ፤ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ይውላል።

ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገቡት የገጠር መንገዶች ያጓጓሉ። ሲደርቁ ግቡባቸው። ዝናብ ከጣለ ግን፣ ጥቅምት ላይም አልፎ አልፎ ይጥላል፣ የደንቢያ ዋልካ አፈር ጎማው ላይ ይለጠፍና በፍሬኑና በሹካው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ከመቶ ሜትር በኋላ ጎማው መዞር ያቆማል። መግፋትም አይቻልም፤ ብስክሌቱን ትከሻ ላይ ነው፣ እሱም ከነጭቃው ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሦስት አራት ሰዓት ጠብቆ ላዩ ሲደርቅ መሄድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። አህያ የያዘ ሰው በየትኛው ዳር እንደሚሄድ እዩ፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሄድ ባታውቁም ተከተሉት።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይዞራል፤ ፊት ለፊት ነው የሚመታችሁ። ስለዚህ ጎርጎራ ከ7 ሰዓት በፊት ለመግባት አስቡ።

ሁለተኛውን ቀን እዚያው ዋሉ። ጓዙን አውርዳችሁ በባዶ ብስክሌት በጫካው ውስጥ ተንሸራሸሩ። ክብ ሳር ክዳኗን ደብረ ሲና ማርያምን፣ የውስጥ ግድግዳዋን ሥዕል እዩ። ስለ ጫካ ጠይቃችኋል፤ በጎንደር ገጠር ነባር ዛፍ ማየት የሚፈልግ ቤተ ክርስቲያን ይፈልግ። ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ካያችሁ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ የከበባት ደብር ናት። የገበሬው ማሳ እስከ ቅጽሩ ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ ከቅጽሩ ወዲያ ያለውን ማንም አይነካውም። ብስክሌቱን ከቅጽሩ ውጭ አቁሙ፤ መግፋትም ቢሆን ይዞ መግባት ነውር ነው። ሴቶቹ ነጠላ ይያዙ፤ የብስክሌት ቁምጣ ለብሳችሁ ከሆነ ላዩን ሰፊ ሱሪ አጥልቁ፣ ወንዶችም።

ሐይቁ ግን አይዋኝበትም። ቢልሃርዚያ አለ፤ ጣና ዳርም፣ ጎንደር ዙሪያ ባሉ ወንዞችም። ቀንድ አውጣ ከምትኖርበት ጸጥ ያለ ውኃ ውስጥ ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ እግርን ነክሮ ማረፍም ይቆጠራል። ወንዝ በእግር ካቋረጣችሁ ቶሎ እለፉና ወዲያው በፎጣ ጠርጋችሁ አድርቁ። ወራት ቆይቶ የሆድ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ «ጣና ዳር ነበርኩ» ማለትን አትርሱ። ደንቢያና ፎገራ ወባም አለባቸው፤ አጎበር ያዙ። ድንኳናችሁን ደግሞ ከሐይቁ ዳር አርቃችሁ ትከሉ፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ከውኃው ጋር የሚያገናኘውን መንገድ የዘጋበትን አይወድም።

ሦስተኛው ቀን መመለስ ነው። ያንኑ መንገድ፣ አሁን ግን ነፋሱ ከኋላ ነው። ከአዘዞ ጎንደር ያለችው የመጨረሻዋ ዳገት የደከመ እግር ላይ ትከብዳለች፤ ጀማሪዋ ከአዘዞ መኪና ብትይዝ ማንም አይስቅባትም። የሚስቅ ካለ በአራተኛው ቀን እናየዋለን።

አራተኛው ቀን ኮሶዬ። ወለቃ ላይ ቆም በሉ፤ ቤተ እስራኤሎች የኖሩበት መንደር ነው፣ እነሱ ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ የሸክላ ሥራው ግን ቀርቷል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። በየ20 ደቂቃው ቁሙ፤ ደክሟችሁ ሳይሆን ሳይደክማችሁ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ስለሆነ ከፍታው አያስደነግጣችሁም፣ እንጦጦ አናቱ ከኮሶዬ ይበልጣል። ኮሶዬ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ግን እንጦጦን ትረሳላችሁ። ጠዋት ከሆነ ጭላዳ ዝንጀሮም ልታዩ ትችላላችሁ። ማደሪያ መኖሩን ከጎንደር ሳትወጡ አረጋግጡ፤ ከሌለ ትንሽ አለፍ ብሎ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ አልጋ አለ። ወገራ ይበርዳል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ጎርጎራ በቲሸርት ያደረ ሰው እዚህ ብርድ ልብስ ይጨምራል።

አምስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ቁልቁለት ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፒያሳ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ።

«ታዲያ ስሜንስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስሜን ተራሮች ለመጀመሪያ ጉዟችሁ አይሆንም ነው የምለው እንጂ፣ ለሚቀጥለው ይሁን። ያን ጊዜ ከጎንደር አትንዱ። ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ደባርቅ ግቡ፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሌሊት እደሩበት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ስካውት የሚባል አጃቢ ጠባቂ ይመደባል። ስካውቱ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ስለ ብስክሌት ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይ እሱን የምታጓጉዝ መኪና ያዙ። ከደባርቅ ሳንቃ በር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። እንጦጦ እወጣለሁ ያለ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ እንጦጦን ወጥቶ የሚተኛው ወርዶ ነው፣ እዚህ ግን የሚያድረው እላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ከሳንቃ በር ወዲያ ጨነቅ 3,600 ሜትር ነው፤ መንገዱ ከዚያም በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። እሱን በቻይና ብስክሌት አትሞክሩት።

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስትመለሱስ? «ደባርቅ በ700 ሜትር ይበልጣል፣ ስለዚህ እስከ ቤት ቁልቁለት ነው» የሚል ስሌት ብዙ ሰው አዋርዷል። ዳባት፣ ገደብዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ እያላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፤ እውነተኛው ቁልቁለት የሚጀምረው ከኮሶዬ በኋላ ነው።

ሊማሊሞን ማየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ጓዛችሁን ደባርቅ አስቀምጡና ጥቂት መጠምዘዣ ወርዳችሁ ተመለሱ። ጣልያን በወረራው ዘመን የጠረገው መንገድ ነው፤ ያንን ገደል ያየ ሰው ምን ልብ ቢኖራቸው ነው ማለቱ አይቀርም፣ ድንጋዩን ከፈለጡት መካከል ግን የእኛ ሰዎች መኖራቸውን ይርሳ እንዴ? ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ። ሰውና ብስክሌት ከነጓዙ 90 ኪሎ ቢመዝን፣ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁለት ሊትር ተኩል ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ ቀስ ብላችሁ ከወረዳችሁ ግን አብዛኛው ፍሬኑና የጎማው ብረት ውስጥ ነው የሚገባው። ብረቱ ሲግል የውስጥ ጎማው ይፈነዳል፣ የፊተኛው ከሆነ ደግሞ በገደል መታጠፊያ ላይ ነው። አጥብቆ ያዝ፣ ልቀቅ፣ አጥብቆ ያዝ፣ ልቀቅ፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ብረቱን ሳትነኩ እጃችሁን አቅርቡበት፤ ሙቀቱ ፊታችሁ ድረስ ከመጣ አሥር ደቂቃ እረፉ። ውኃ አትድፉበት።

የባሕር ዳሩን መንገድ ያነሣ ሰው ካለ መካከላችሁ፦ 180 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፣ ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ። እንፍራንዝ አጠገብ ከጎንደር ግንቦች በፊት የተሠራው የጉዛራ ግንብ አለ፤ አዲስ ዘመን ጋ የታራ ገዳም ደን አለ፤ ከዚያ ፎገራ የሩዝ ሜዳ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ ትራፊኩ ግን አይወደድም። የመተማውን ለማንም አልመክርም፤ ከአይከል በኋላ ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ይገድላል። ካላዛር የሚባለው በሽታም አለበት፤ አስተላላፊዋ ትንኝ በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ደክሞት በግራር ጥላ ሥር የሚተኛ ብስክሌተኛ ደግሞ ለእሷ ድግስ ነው።

ወንዝ ሲያጋጥማችሁ፣ ጥቅምት ላይ አብዛኛው ጎድሏል። ግን ላይ ደጋው ከዘነበ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደራሽ ይመጣል። ውኃው ደፍርሶ ጭራሮ ተሸክሞ ከሆነ ተቀመጡ፤ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል። ከጉልበት በላይ ከሆነ አትግቡ። የአገሩ ሰው ሲሻገር እስክታዩ ጠብቁ፤ እሱ ካልተሻገረ እናንተም አትሻገሩ። የሚጠጣ ውኃ አፍሉ ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት።

ምግብ ቀላል ነው። በሶ ያዙ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ በውኃና በጨው፣ ካለም በማር በጥብጡት፤ በፕላስቲክ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውን የስፖርተኛ ምግብ ሁሉ የሚያስንቅ ነው፣ ሆድም ይይዛል። ዳቦ ቆሎም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ረቡዕና ዓርብ ገጠር ውስጥ ዕንቁላል አትጠብቁ። ጠላ ቢቀርብላችሁ ቅመሱ፤ ቁልቁለት ከቀረባችሁ ግን መቅመሱ ይበቃል።

አልጋ የሌለበት ቦታ ከመሸባችሁ ድንኳን ዝም ብላችሁ አትትከሉ። ሰው የማያውቀው ድንኳን ሌሊት ያስፈራል፤ ገበሬው ነፍጥ አለው፣ ውሻም አለው። መጀመሪያ ከአንድ ቤት ደጅ ራቅ ብላችሁ ቁሙና «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን» በሉ። «ቤት የእግዜር ነው» ከተባላችሁ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑን ለመትከል ራሱ መለመን ሊኖርባችሁ ነው፣ መደቡን ለቀው ነው የሚያስተኟችሁ። ጠዋት ብር አውጥታችሁ ለባለቤቱ አትዘርጉ፤ ለልጆቹ ደብተር፣ ለእማወራዋ ቡናና ስኳር ብትተዉ ይከበራል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማደራችሁን ይወቅ። ውሻ ካባረራችሁ ደግሞ አትሩጡ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በመካከል አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። የአገሩ ውሻ ያን ምልክት ከሁላችን በላይ ያውቀዋል።

የመጨረሻዋ ነገር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስለመጫን። ፔዳሉን ፍቱ፣ መሪውን አዙሩ፣ የማርሹ ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከሥሩ ክርታስ ይነጠፍ፣ ከላዩ ምንም አይጫን። ዋጋውን ፖርቶመጋላው ላይ ሳይወጣ ተስማሙ። አንድ ጊዜ ከደባርቅ ስንመለስ ረዳቱ ሁለት ኩንታል ገብስ በብስክሌቴ ላይ አስተኛበት። ጎንደር ሲወርድ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። በማግስቱ የወለቃን ዳገት ስጀምር ወደ ትልቁ ማርሽ ቀየርኩ፤ ማርሽ ቀያሪው ተጣሞ ኖሮ በጎማው ራጂ፣ በቀጫጭኑ ሽቦዎች መካከል ገባ፣ ከስድስት ያላነሰ ራጂ በጥሶ ቆመ። ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ ባዩ ሰው ከነእንግዶቹ ፊት ብስክሌቱን ተሸክሞ ከተማ ገባ። ስለዚህ ስታወርዱ ከኋላ ሆናችሁ እዩ፤ ማርሽ ቀያሪው ከጎማው ጋር ትይዩ ካልቆመ ከመንዳታችሁ በፊት አሳዩኝ።

እስከዚያው ከአራቱ ብስክሌት የፊቷን ትንሿን ማርሽና የኋላውን ትልቁን ጥርስ ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉልኝ። የጀማሪዋን መጀመሪያ።